በ25 ደቂቃ 1,500 ኪሎ ሜትር

ማታ ከኮምቦልቻ ከሥራ ስመለስ የእህቴ ልጅ ደብተሯን ዘርግታ ጠበቀችኝ። ሰባተኛ ክፍል ናት። ጥያቄው «አንድ መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ በ25 ደቂቃ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ይላል። እሷ 60ን በ25 አባዝታ 1,500 ጽፋለች። ከሥሩም ሁለቴ አስምራበታለች።

«ከደሴ አዲስ አበባ ስንት ነው?» አልኳት።

«400 ኪሎ ሜትር አካባቢ።»

«እንግዲህ መኪናሽ በ25 ደቂቃ ሁለቴ ደርሶ መልስ ሊጨርስ 100 ኪሎ ሜትር ብቻ ቀርቶታል።»

እናቴ ከረከቦቱ ሥር ሆና ሰማች። «ጂኒ ነው እንዴ የሚነዳው?»

ማባዛቱ ልክ ነው። ግን 60ው የሰዓት ነው፣ 25ቱ የደቂቃ። አልፈረድኩባትም። እኔም በእሷ ዕድሜ አንድ ኩንታል ጤፍ 1,000 ግራም ነው ብዬ ጽፌ፣ አስተማሪያችን «እናንተ ቤት ኩንታል በፌስታል ነው የሚገባው?» ብሎኝ ክፍሉ ሁሉ ስቆብኛል። 100,000 መሆኑን ከዚያ ወዲህ ረስቼው አላውቅም።

«ቁጥሩን ብቻውን አትጻፊ፤ የምን እንደሆነ አጠገቡ አድርጊ» አልኳት። በ60 ደቂቃ 60 ኪሎ ሜትር። በ1 ደቂቃ 1። በ25 ደቂቃ 25። ደቂቃው ሲጨምር ርቀቱም በዚያው ልክ ይጨምራል፤ መጽሐፉ «ርቱዕ ወደር» ይለዋል። ስሙ ነው የሚያስፈራው።

25 ኪሎ ሜትር ደግሞ ከደሴ ኮምቦልቻ ያህል ነው። «አጎቴ፣ አንተ ግን በ25 ደቂቃ ደርሰህ አታውቅም» አለች። እውነቷን ነው። በመሀል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ከከባድ መኪና ኋላ ተጎትቶ የወረደ ሰው ያውቀዋል። ዛሬ ጠዋት 50 ደቂቃ ፈጅቶብናል። ፍጥነታችን ስንት ነበር? እኔ ክፍልፋይ ልጽፍ ስክሪብቶ ሳነሳ፣ እሷ «በ10 ደቂቃ 5፣ በ60 ደቂቃ 30» ብላ ገላገለችኝ። ጊዜው እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ ግማሽ ሆነ። ይሄኛው ኢ-ርቱዕ የሚሉት ነው።

ነገሩ ስለጣማት ስለ ጃኬቴም ጠየቀችኝ። ጠዋት ለብሼው እወጣለሁ፣ ኮምቦልቻ ስደርስ አወልቀዋለሁ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። አየሩ በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይለወጣል። ለ650 ሜትር ስንት ይደርሳል?

ትንሽ ቆይታ «4.2» አለች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ይቺው ብቻ? እኔ 20 መስሎኝ።»

እናቴ ሁለተኛውን ሲኒ እያቀበለችኝ «ኮምቦልቻን በረኻ አድርገሃታል፣ ማን ያምንሃል» አለችኝ።