«በመስታወቱ አይቶህ ነው»

ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። እኔ ነርስ ነኝ፤ የምሠራውም የሕፃናት ዕድገት ክትትል ክፍል ውስጥ ነው። በቀን አሥር ጊዜ «ዶክተር» እባላለሁ፣ አሥር ጊዜም ዝም እላለሁ። መጀመሪያ አካባቢ አርም ነበር። አሁን ጊዜውም የለኝ፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ደስ ይለኛል።

ያቺ እናትም እንደዚያው ብላ ገባች። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ደግሜ መጣሁብዎት።»

ልጇ 20 ወሩ ነው። ቃል የለውም። «ማ» የምትል ነገር አለችው፤ እሷንም ለእናቱም፣ ለጫማውም፣ ለበሩም ነው የሚላት። በ15 ወሩ አምጥታው ነበር። ያኔ ያየው አለቃችን ነው። «ወንድ ነው፣ ይደርሳል። እስከ 2 ዓመቱ እንጠብቅ» ብሎ ሸኛት። ወንዶች በንግግር ዘግየት ማለታቸው ውሸት አይደለም። ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ይህን ሁሉ ዝምታ አይሸፍንም። ያኔም አውቀው ነበር። አለቃ ሲናገር ግን ሰው የሚያውቀው ነገር ለጊዜው ይጠፋበታል።

አሁን ያመጣት አንድ ቃል ነው። የሆነ ሰው «ኦቲዝም እንዳይሆን» ብሏታል። ስልኳ ላይ ስታነብ እንዳደረች ዓይኗ ያስታውቃል። ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች ለኦቲዝም ማጣሪያ የምንጠቀምበትን 20 ጥያቄ ያለው ቅጽ አወጣሁ። ግማሹን እንኳ ሳንጨርስ ልጁ ጣሪያው ላይ ያለውን አምፖል በጣቱ ጠቆመ። ከዚያ ዞር ብሎ እናቱን አያት። «አየሽው?» ማለቱ ነው። እኛ ክፍል ውስጥ ይቺ ቀላል ነገር አይደለችም። መጠቆሙ ብቻ ሳይሆን፣ ጠቁሞ ሰው ማየቱ። ነገርኳት። ትከሻዋ ዝቅ ሲል አየሁ። እኔም ደረቴን ነፋ አደረግሁ።

ከዚያ ወደ ጆሮ መጣን። ከጆሮ መጀመር ነበረብኝ። ንግግሩ የዘገየ ልጅ ከሁሉ በፊት መስማቱ ይታያል። እሱን ተዉት።

ምርመራው ቀላል ነው። ልጁ እናቱ ጭን ላይ ይቀመጣል። እኔ ከኋላ፣ ከዓይኑ ውጭ እቆማለሁ። ውስጡ ፍሬ ያለው፣ ሲነቀንቁት የሚንሿሿ መጫወቻ አለን፤ በቀስታ በአንዱ ጆሮ በኩል፣ ቀጥሎ በሌላው በኩል እነቀንቃለሁ። አንዳንዱ ያጨበጭባል። ማጨብጨብ ምርመራ አይደለም። በከፊል የማይሰማ ልጅም ጭብጨባ ይሰማል፤ ባይሰማ እንኳ ነፋሱ ይደርሰዋል። ይህን ለተለማማጆች ሳስተምር ድምፄ ራሱ ይጎረንናል።

በቀኝ ነቀነቅኩ። ወደ ቀኝ ዞረ። በግራ ነቀነቅኩ። ወደ ግራ ዞረ። እስክሪብቶዬን አንስቼ «መስማት፦ ደህና» ብዬ ጻፍኩ።

«በመስታወቱ አይቶህ ነው» አለች።

ቀና ስል ፊት ለፊታችን ባለ መስታወቱ የመድኃኒት ካቢኔት ቆሟል። ውስጡ ነጭ ጋውን፣ ከጋውኑ የወጣ እጅ፣ እጁ ላይ ቀይ መጫወቻ። ለስንት ዓመት የሠራሁበት ክፍል ነው።

መጀመሪያ የተሰማኝን ልንገራችሁ? መስታወቱ አይደለም ያበሳጨኝ። «አይቶህ» ነው። አሁን ገና «ያድርጉልኝ»፣ «መጣሁብዎት» ስትለኝ የነበረች ሴት! በአንዲት «ህ» ከዶክተርነትም ከነርስነትም አወረደችኝ።

«እናት፣ እኛ ይህን በየቀኑ ነው የምንሠራው» አልኳት። ድምፄ ውስጥ ምን እንደነበረ አውቃለሁ። አልወደውም።

አልመለሰችልኝም። ተነሳች። ልጁን በአንድ ክንዷ ታቅፋ ወንበሩን በሌላው እጇ ጎተተችው። የወንበሩ እግር መሬቱ ላይ ሲጮህ ኮሪደር ላይ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩን። ፊቷን ወደ ባዶው ግድግዳ አድርጋ ተቀመጠች።

«አሁን ሞክር።»

በቀኝ ነቀነቅኩ። ልጁ የሸሚዟን ቁልፍ ይዞ ይጫወታል። በግራ። ቁልፉን ነው የሚያየው። ጠጋ ብዬ ጠንከር አድርጌ ነቀነቅኩ። ምንም። ቀጥሎ ያደረግኩትን ለማንም አውርቼ አላውቅም። መጫወቻውን ወደ ራሴ ጆሮ አስጠግቼ ነቀነቅኩት። ፍሬው ወጥቶ እንዳይሆን ብዬ።

ፍሬው አልወጣም።

የባሰው ነገር፣ ገና ስትገባ ነግራኛለች። «ስጠራው አይዞርም፤ መሬቱን በእግሬ ስመታው ግን ይዞራል» ብላኛለች። እኔ ቅጹ ላይ «ሲጠራ አንዳንዴ ይዞራል» ብዬ አሳጥሬ ጻፍኩት። «ሳወራ አገጬን ይዞ ፊቴን ወደ ራሱ ያዞረዋል» ስትለኝ ደግሞ «ሲወድሽ ነዋ!» ብዬ ሳቅኩ። ልጁ ከንፈሯን ሊያይ ነው።

ከአንገት በላይ ክፍል ላክናቸው። ልጁ ተኝቶ ግንባሩና ጆሮው አካባቢ ሽቦ ተለጥፎ ተመረመረ። ሁለቱም ጆሮው የመስማት ችግር አለበት፤ ትንሽ የሚባልም አይደለም። ሕፃን እስከ 1 ወሩ መስማቱ መፈተሽ፣ ችግር ካለ እስከ 3 ወሩ መረጋገጥ፣ እስከ 6 ወሩ እርዳታ መጀመር አለበት። 1፣ 3፣ 6 እያልን የምንሸመድደው ነገር ነው። ለዚህ ልጅ 20 ሆነ።

በጠዋቱ ስብሰባ አለቃችን ጉዳዩን አቀረበው። «በቡድናችን ንቁ ክትትል ተደርሶበታል» አለ። «እስከ 2 ዓመቱ እንጠብቅ» የምትለዋ ነገር አልተነሳችም። እኔ እስክሪብቶዬን ስመረምር ነበር። እውነቱን ለመናገር «ያገኘችው እናቱ ናት» ብዬ እጄን አላወጣሁም። ይህን ስጀምር እሱን ብቻ ልወቅስ ነበር ያሰብኩት።

ቃለ ጉባኤው ላይ «የተገኘ ትምህርት» በሚለው ሥር አንድ መስመር ተጻፈ፦ የካቢኔቱ መስታወት በወረቀት ይሸፈን።

ልጁ አሁን በሁለቱም ጆሮው የመስሚያ መሣሪያ ያደርጋል። ለክትትል ሲመጣ አንዱን አውልቆ ጋውኔ ኪስ ውስጥ ይከተዋል። 27 ወሩ ላይ «ና» እና «እምቢ» ማለት ችሎ ነበር። እናቱ «አሁን ደግሞ እምቢው በዛብኝ፣ ዶክተር» አለችኝ። ወደ «እርስዎ» ተመልሳለች። «አንተ» በይኝ ማለት አማረኝ፤ ግን ይህ እንዴት ተብሎ ይጠየቃል?

ወረቀቱ በዚያው ሳምንት ተለጠፈ። የለጠፈው አለቃችን ራሱ ነው፣ ቆሞ፣ በራሱ ዓይን ልክ። እናት ጭን ላይ የተቀመጠ ልጅ የሚያየው የታችኛው መስታወት እስካሁን ባዶውን ነው። እኔ ወንበሩን ወደ ግድግዳ እያዞርኩ ነው የምሠራው፤ ለተለማማጆቹም «አዙሩ» እላቸዋለሁ። ለእሱ ግን አልነገርኩትም።