ከፊርማው እስከ ሣጥን 24

በግሪን ካርድ አሜሪካ የገቡ ልጆች ስለ ሠራዊቱ ሲጨዋወቱ ቀድሞ የሚነሳው «ትምህርትህን ይከፍሉልሃል» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ይከፍላሉ። ዛሬ ሳሰላስል ያመሸሁት ግን ያ ክፍያ በስንት ትንንሽ ነገር ከእጅ እንደሚያመልጥ ነው።

መጀመሪያ ፈተናው አለ። አስቫብ የሚባለው ይህ የሠራዊቱ መግቢያ ፈተና ብዙ ክፍል ቢኖረውም ለመግቢያ የሚቆጠሩት አራት ናቸው፦ የቃላት ዕውቀት፣ አንብቦ መረዳት፣ በጽሑፍ የሚቀርቡ የስሌት ጥያቄዎችና ሒሳብ። የሁለቱ እንግሊዝኛ ክፍሎች የጋራ ነጥብ በስሌቱ ሁለት ጊዜ ይደመራል። ስለዚህ በሒሳብ የሚተማመን የአገራችን ልጅ ውጤቱ ዝቅ ካለ ብዙ ጊዜ የጣለው ቃላት ነው። ሦስት ወር ያለው ሰው ሁለቱን ለቃላትና ለንባብ ቢሰጥ እመርጣለሁ። ለመድገም አንድ ወር ይጠበቃል፣ ለሦስተኛው ሙከራ ሌላ አንድ ወር፣ ከዚያ በኋላ ግን በየ6 ወሩ ነው።

ከዚያ የሥራው ምርጫ ይመጣል። የምስጢር ፈቃድ የሚጠይቁ ሥራዎች ዜግነት ይፈልጋሉ። ባለግሪን ካርድ ሆኖ የመረጃ ወይም የኮምፒውተር ደኅንነት ሥራ በቃል ቃል የተገባለት ልጅ መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ ውሉ ላይ የታል? የቅጥር ውሉ ዲዲ ፎርም 4 ራሱ፣ በትላልቅ ፊደላት፣ ከውሉና ከአባሪዎቹ ውጭ ማንም የገባው ቃል እንደማይጸና ይናገራል። ያቺን መስመር በጣት እየተከተሉ ማንበብ ይገባል። እዚያው ላይ ጠቅላላ ግዴታው 8 ዓመት እንደሆነም ይገኛል፤ አራቱን ዓመት ያገለገለ ቀሪውን በተጠባባቂነት ይይዛል፣ ሊጠራም ይችላል። ትምህርት ፈልጌ ነው የገባሁት ብሎ ከዘመቻ መቅረት የለም። ይህን ለእናት አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፣ ከልቤ ነው የምለው።

ጂአይ ቢል የሚባለው የትምህርት ክፍያ ሙሉ የሚሆነው ከ36 ወር ንቁ አገልግሎት በኋላ ነው። የሚሰጠውም 36 ወር ነው፤ በዓመት ዘጠኝ ወር ለሚማር አራት ዓመት ማለት ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የስቴቱ ነዋሪ የሚከፍለውን ክፍያ ይሸፍናል፣ የቤት ድጎማ ይጨምራል፣ ለመጻሕፍትም በዓመት እስከ 1,000 ዶላር። የተማሪ ብድሩን ሠራዊቱ እንዲከፍልለት የፈረመ ግን ለዚያ የሚውለው የአገልግሎት ጊዜ ለጂአይ ቢል አይቆጠርለትም። ይህን ሳያውቁ መፈረም ያሳዝናል።

በአገልግሎት ላይ እያሉ ጂአይ ቢሉን አለመንካት ይሻላል፤ የቤት ድጎማው ያኔ አይከፈልምና። ለዚያ ጊዜ በክሬዲት እስከ 250 ዶላር የሚከፍለው የትምህርት እርዳታ አለ፤ በመጀመሪያ ዲግሪ ከሲ በታች ያመጣ ገንዘቡን ይመልሳል። ከወጡ በኋላ ደግሞ ሁሉንም ኮርስ በኦንላይን የወሰደ የሚያገኘው የቤት ድጎማ የአገር አቀፉን አማካይ ግማሽ ነው፤ አንድ ኮርስ እንኳ ክፍል ገብቶ መማር ልዩነቱ ትልቅ ነው። በሴሚስተሮች መካከል ድጎማው ይቋረጣል፣ የኪራይ ቀን ግን አይጠብቅም። የታኅሣሥና የነሐሴ ኪራይ ቀድሞ መቀመጥ አለበት።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ስንብቱ ነው። ጂአይ ቢል የሚከፈለው በክብር ለተሰናበተ ብቻ ነው። «ጄኔራል» የሚባለው ስንብት ሕክምናውንና ሌሎች ብዙ ጥቅሞችን አያስቀርም፣ ትምህርቱን ግን ያስቀራል። ደጋግሞ ማርፈድ፣ በመጠጥ መንዳት፣ በሽንት ምርመራ የተገኘ ማሪዋና ወደዚያ ያደርሳሉ፤ ማሪዋና በተፈቀደበት ስቴት መኖርም ወታደሩን አያድነውም። የስንብቱ ዓይነት የሚጻፈው ዲዲ 214 በሚባለው የስንብት ወረቀት ላይ፣ ሣጥን 24 ውስጥ ነው። ከመፈረም በፊት ያችን ሣጥን ማየት፣ የማይገባ የስንብት ዓይነት ከተጻፈባትም በዲዲ ፎርም 293 አቤት ማለት ይቻላል፤ ጊዜው ከስንብቱ ጀምሮ 15 ዓመት ነው።