የአሾካ ቅርፊት፣ አምላ እና የኔ ብረት

የወር አበባዬ ይበዛል። ሞዴስ በየሰዓቱ መቀየር፣ ሌሊት እየተነሱ አንሶላ ማየት፣ የረጋ ደም ቁራጭ ቁራጭ ሆኖ ሲወርድ መደንገጥ፣ ከዛ ደግሞ ደረጃ ስወጣ ልቤ ድው ድው ማለቱ። ዝናብ ሲዘንብ የአፈሩ ሽታ ያስጎመጀኛል፣ በረዶ ማኘክ ያምረኛል። ይሄ አምሮት ሁሉ የብረት እጥረት ምልክት ሊሆን እንደሚችል ያወቅኩት ሕንድ አገር ቤንጋሉሩ ለትምህርት ከመጣሁ በኋላ ነው። አገር ቤት መልሱ ሁሌም «ሴት ነሽ፣ ቻዪው» ነበር።

አብራኝ የምትኖረው ልጅ የኬረላ ልጅ ናት። እኛ ቤት ጉንፋን ሲይዝ ዳማከሴ እንደሚጨመቀው ሁሉ እነሱ ቤት አዩርቬዳ፣ የሕንድ ባህላዊ ሕክምና፣ ያለ ነገር ነው። እሷ ናት የአዩርቬዳ ሐኪሟ ጋ የወሰደችኝ። ትልቅ ሴትዮ ናቸው። የእጄን ትርታ አዳመጡ፣ ምላሴን አዩ፣ ከዛ ጥያቄ ጀመሩ። ደሙ ምን ዓይነት ቀለም አለው? ይረጋል? ስንት ቀን ይቆያል? እንቅልፍሽስ? ሆድሽስ? የሚያቃጥል ምግብ ታበዣለሽ? እንዲህ ተረጋግቶ ስለዚህ ነገር የጠየቀኝ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። አልቅሼ ነበር እዛው።

እሳቸው እንዳስረዱኝ በአዩርቬዳ የደም መብዛቱ ‹አስሪግዳራ› ይባላል፤ ሰውነት ውስጥ ያለው ሙቀት፣ ‹ፒታ› የሚሉት፣ ሲበዛ የሚመጣ ነው። የፊት መገርጣቱና ድካሙ ደግሞ ‹ፓንዱ› ነው። መድኃኒቱ አሾካሪሽታም ነው፤ ከአሾካ ዛፍ ቅርፊት ተቀቅሎ የሚብላላ ጥቁር ፈሳሽ። በተጨማሪ ሮማን፣ ተዘፍዝፎ ያደረ ዘቢብ፣ ሰሊጥ ከጥቁር የሸንኮራ ስኳር ጋር፣ እና አምላ የምትባል አረንጓዴ ኮምጣጣ ፍሬ። በርበሬ ቀንሺ፣ የቦካ ነገር ተዪ።

የቦካ ነገር ተዪ የሚለው ላይ አልተስማማሁም። እንጀራዬን አልተውም። ምክንያቱ ናፍቆት ብቻ አይደለም፤ እህል ውስጥ ብረቱን ጠርንፎ የሚይዝ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ፣ ሊጡ ሲቦካ እሱ ይቀንሳል። (ጤፍ ብረት አለው ሲባል ግን ከፊሉ አውድማ ላይ የሚገባበት አፈር ነው፣ ሰውነት ብዙም አይጠቀምበትም።) አምላን ግን ወድጄዋለሁ። ቫይታሚን ሲ ስላለው ከምስርና ከጎመን የምናገኘውን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳል። ለኛ ለጿሚዎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ካዘዙልኝ ውስጥ ያስፈራኝ የብረት እንክብሉ ነው። ፑናርናቫ ማንዱራ ይባላል። ማንዱራ የብረት ዝገት ነው፣ በእሳት እየጋለ በላም ሽንት ውስጥ እየተነከረ የሚዘጋጅ። ላቦራቶሪ ባልነበረበት ዘመን የገረጣ ሰው ብረት ያስፈልገዋል ብለው መድረሳቸው ይገርመኛል፣ ከልቤ አከብራቸዋለሁ። ግን እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት በኢንተርኔት ከተገዙ 193 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች ውስጥ አንድ አምስተኛ በሚሆኑት እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሰኒክ አግኝቷል። እርሳስ ደግሞ ሄሞግሎቢን፣ ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር፣ እንዳይሠራ ያግዳል። ደም ያነሳት ሴት ደም የሚያሳንስ ነገር ስትውጥ አስቡት! ለሐኪሟ ይሄንኑ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። «በይ መጀመሪያ ተመርመሪ» አሉኝ።

ተመረመርኩ። ሄሞግሎቢኔ የማነስ ወሰን ከሆነው 12 ትንሽ ነው የወረደው፣ ፌሪቲኔ ግን ከ15 በታች፣ በጣም በታች። ፌሪቲን የብረት ጎተራችን ነው፤ ሄሞግሎቢን የሚወርደው ጎተራው ከተራቆተ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ «ደምሽ ደህና ነው» ብለው ሸኝተውኝ ነበር፣ ፌሪቲን ግን ማንም አላየልኝም። ከተማችን ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ከፍታ ላይ ሄሞግሎቢን ስለሚጨምር ቁጥሩ ሲነበብ ያ መታሰብ ነበረበት። እህቶቼ፣ ለምርመራ ደም ስትሰጡ «ፌሪቲንም ይታይልኝ» በሉ። በአልትራሳውንድ ደግሞ ማዮማ፣ የማህፀን እጢ፣ ተገኘብኝ። ትንሽ ናት፣ ግን አለች። አሾካ ማዮማ ያጠፋል ብሎ የሚያሳምነኝ ነገር አላገኘሁም። ሮማንና ዘቢብም ቢሆኑ ባዶ ጎተራ አይሞሉም።

አሁን የብረት ክኒን በቀን ልዩነት እወስዳለሁ። በየቀኑ አይደለም፤ አንድ ክኒን ሲዋጥ ሰውነት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ያወጣና ለጊዜው የብረት በሩን ይዘጋል፣ ስለዚህ አንድ ቀን ማሳለፉ ይሻላል። በአምላ ጭማቂ ነው የምውጠው። ቡናና ሻይ ከምግብም ከክኒኑም አርቄያለሁ፣ እውነት ለመናገር ከሁሉም የከበደኝ ይሄ ነው። ጓደኛዬ የምትሠራበት የብረት መጥበሻም ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት ላይ የወጣ ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ፤ በብረት ድስት የተሠራ ምግብ የበሉ ልጆች ሄሞግሎቢን በአሉሚኒየም ድስት ከበሉት ይበልጥ ጨምሯል። እማዬ የአያቴን የብረት ድስት ለቆራሌው ሰጥታዋለች፣ ይቆጨኛል።

ክኒኑ የሚሞላውን በየወሩ የማፈስ ከሆነ ግን ምን ዋጋ አለው? የማህፀን ሐኪሟ ሁለት ነገር ነገረችኝ። አንዱ ሆርሞን ያለው ሉፕ ነው፣ ደሙን በደንብ ይቀንሳል። ለእማዬ በስልክ ስነግራት «ሳትወልጂ?» ብላ ጮኸች። ያልወለደችም ትችላለች፣ ሐኪሟን ጠይቄያታለሁ። ሌላው ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል ደም የሚቀንስ ክኒን ነው፣ ደሙ በሚበዛባቸው ቀናት ብቻ የሚዋጥ። የደም መርጋት ችግር ገጥሟት የሚያውቅ ሴት አትወስደውም፣ እኔ ያ የለብኝም። በዚህ ወር በሱ እጀምራለሁ፤ ካልበቃኝ እማዬን ለሉፑ ማሳመን ሊኖርብኝ ነው።