ያልደረቀው ብድር

ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም ስሠራ፣ ከቀጨኔ አምስት ሸክላ ሠሪ ሴቶች ብድር ሊጠይቁ መጡ። የቤት ካርታም ሆነ የመኪና ሊብሬ ስለሌላቸው ማስያዣቸው እርስ በርስ መዋዋስ ነው፤ አንዷን ቢያቅታት አራቱ ይከፍሉላታል። እንዲህ ላለው ቡድን ሥራው የተለያየ ሰው ቢሰባጠር ይመረጣል፤ የአንዱ ገበያ ሲቀዘቅዝ የሌላው ይደግፈዋል። ስለዚህ ሁለት እንጀራ ጋጋሪዎችን ላቀላቅላቸው ሞከርኩ። አንደኛዋ ባሌ አልፈቀደም አለች፤ ሌላዋ ምክንያት እንኳን አልሰጠችኝም። በሸክላ ምጣድ እየጋገሩ፣ ከሠሪዎቹ ጋር አንድ ወረቀት ላይ መፈረም ከበዳቸው። “ቡዳ” የሚለው ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ መውጣትም አላስፈለገውም። እኔም አልተከራከርኩም። አምስቱን ብቻ መዝግቤ ፋይሉን ዘጋሁ።

ሥልጠናውን የሰጠሁትም እኔው ነኝ። ሰሌዳው ላይ አሥራ ሁለት ዓምድ አሰመርኩ፤ በየወሩ እኩል ሽያጭ፣ እኩል ክፍያ። የቡድኑ ሰብሳቢ እጃቸውን አነሡ።

“ልጄ፣ ሐምሌንና ነሐሴን የት አደረግሃቸው?”

“ይኸው፣ እዚህ አሉ እትዬ” አልኳቸው በጣቴ እያሳየሁ። ጥያቄው የዓምዱ መስሎኝ ነበር።

ብድሩ ግንቦት ላይ ወጣ። የሰኔን ከፈሉ፤ የሐምሌን እንደ ምንም ከፈሉ፤ ነሐሴ ላይ ቆመ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይዤ በዝናብ ወደ ቀጨኔ ወጣሁ።

የሰብሳቢዋ ቤት መቀመጫ አልነበረውም። ጀበናው በግድግዳው ሥር፣ ከአልጋው በታች፣ በምድጃው ዙሪያ ተደርድሯል። አንዱን በእጀታው ሳነሣው እጀታው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ።

“ብድርህ ይኸውልህ” አሉኝ። “አልደረቀም እንጂ።”

ሸክላ በደንብ ሳይደርቅ እሳት ከነካው፣ በውስጡ የቀረው ውኃ እንፋሎት ሆኖ ያፈነዳዋል። እነሱ ደግሞ የሚያቃጥሉት ደጅ ላይ፣ በእንጨትና በባሕር ዛፍ ቅጠል ነው፤ በክረምት ሁለቱም ርጥብ ናቸው። ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ፀሐይ ብቅ ብትል፣ የክፍያው ቀን ስለደረሰ ቸኩለው አቃጠሉ። ከአርባው ጀበና የተረፈው አሥራ አንድ ነው። የሌሎቹም አራት ቤቶች ታሪክ ያው ነበር። አምስቱም በአንድ ዝናብ ሥር ቆመው ማን ማንን ይዋስ?

ደብዳቤውን ከቦርሳዬ ሳላወጣ ተመለስኩ። አለቃዬ ገጠር ቅርንጫፍ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ፣

“ለገበሬ ያበደርነውን መቼ ነው የምንሰበስበው?” አሉኝ።

“ከአጨዳ በኋላ።”

“ታዲያ?”

የነሐሴው ክፍያ ወደ መስከረም ተሸጋገረ። “ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት” እንደሚባለው ሰማዩ ቀስ በቀስ ጠራ፤ ጳጉሜ ላይ ምድጃው ነደደ፣ ጀበናውም ለእንቁጣጣሽ ገበያ ደረሰ። መስቀል ሳይገባ የሁለቱንም ወር ይዘው መጡ። እስከዚያ የተቆጠረውን ቅጣት ማሰረዝ ግን አልቻልኩም። ሰብሳቢዋ ደረሰኙን አገላብጠው አዩት።

“ይህቺኛዋስ የምን ናት?”

“የመዘግየት ቅጣት ናት እትዬ።”

“የዝናቡ በለኛ” ብለው ከፈሉና ደረሰኙን መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት።

በቀጣዩ ዓመት ደግመው ሲበደሩ የሐምሌንና የነሐሴን ዓምድ ባዶ ተውኳቸው። ጋጋሪዎቹን ግን ተመልሼ አልጠየቅኳቸውም።