ሁለቱ ዴሲቤል የውሸት ነበሩ

የሌዘር ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ በዘፈቀደ ይደርሳሉ። ያ መዋዠቅ ሾት ኖይዝ ይባላል። ማቺዳ፣ ያማሞቶና ኢታያ ግን እ.ኤ.አ. በ1987 ከዚያ በታች መውረድ እንደሚቻል በሴሚኮንዳክተር ሌዘር አሳዩ። ኤሌክትሮኖቹ በሥርዓት ከገቡ ፎቶኖቹም በሥርዓት ይወጣሉ። እኔም ልሞክረው ተነሳሁ።

ከረንቱ አላስቸገረኝም። ኤሌክትሮኖቹን በሥርዓት ለማስገባት ባትሪ፣ በተከታታይ ትልቅ ሬዚስተር፣ አለቀ። ሌዘሩን በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዘቀዝኩት።

ያንገበገበኝ ልኬቱ ነው። ለማነጻጸሪያ ኤልኢዲ ወሰድኩ፤ የሱ ብርሃን የሾት ኖይዙን ደረጃ ያሳየኛል ብዬ ነው። ፎቶዳዮዱ (ብርሃንን ወደ ከረንት የሚቀይረው መለኪያ) ላይ ከሌዘሩ ጋር እኩል ከረንት እስኪሰጥ አበራሁትና ኖይዙን መዘገብኩ። ከዚያ ሌዘሩን ስለካ የኖይዙ መስመር ከኤልኢዲው 2 ዴሲቤል ዝቅ አለ! (ዴሲቤል የሁለት መጠኖች ንጽጽር መለኪያ ነው፤ 3 ዴሲቤል መውረድ ማለት ግማሽ ገደማ መሆን ነው።) በዚያው ምሽት ለአማካሪዬ ጻፍኩላቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ግራፍ ሳሳምር ከረምኩ።

አንድ ቀን የላብ ጓደኛዬ "ብርሃኑን ግማሽ አድርገህ አይተኸዋል?" አለችኝ። አላየሁም። ከፊቱ ማጣሪያ አስገባሁ። መውረድ የነበረበት ኖይዝ ወጣ። ወገቤ ቁርጥ አለ።

ሌዘሩን በሌንስ እንደ መርፌ ጫፍ አሹዬው ኖሯል። የኤልኢዲው ብርሃን የፎቶዳዮዱን ፊት በሙሉ ሲሸፍን፣ የሌዘሩ አንዲት ነጥብ ላይ ነው የሚያርፈው። እዚያች ነጥብ ላይ ፎቶዳዮዱ ጠግቦ ፈጣኑን መዋዠቅ መከተል አቅቶታል። አማካይ ከረንቱ ደህና ስለሚመስል ምንም አያስጠረጥርም። የአምራቹ ወረቀት የሚፈቀደውን ኃይል ይጽፋል፤ ብርሃኑ ምን ያህል ቦታ ላይ ማረፍ እንዳለበት ግን አንድም ቃል የለውም። ያንን ቁጥር አትመኑ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ከሁሉ በላይ የምናደደው በራሴ ነው። የአምስት ደቂቃ ፈተና ነበር።

ነጥቧን ሳሰፋት ከሾት ኖይዝ በላይ ሆኜ ተገኘሁ። ሌዘሩ ከዋናው የሞገድ ርዝመት ጎን ሌሎች ደካማ የሞገድ ርዝመቶች ነበሩት፤ ኖይዙን የጨመሩት እነሱ ናቸው። በግሬቲንግ (ብርሃንን በሞገድ ርዝመቱ በሚለይ ባለመስመር ገጽ) ጥቂት ብርሃን ስመልስለት ጸጥ አሉ።

አሁን ኤልኢዲን ብቻውን አላምንም። ብርሃኑን ለሁለት እኩል ከፍላችሁ ሁለት ፎቶዳዮድ ላይ ጣሉት። የከረንቶቹ ልዩነት ሾት ኖይዙን፣ ድምሩ የሌዘሩን ኖይዝ ይሰጣችኋል። "ፎቶዳዮዱ እንዳይጎዳ ብርሃኑን ቀንስ" የሚላችሁንም አትስሙ፤ ግማሹ ብርሃን ከጠፋ የቱንም ያህል ጸጥ ያለ ሌዘር ቢኖራችሁ ከሾት ኖይዝ በታች ከ3 ዴሲቤል በላይ አትወርዱም። ይልቅ ነጥቧን አስፉ።

ዛሬ በእጄ ያለው ከሾት ኖይዝ በታች 0.9 ዴሲቤል ነው። ብርሃኑን ግማሽ ሳደርገው 0.4 ይሆናል፤ ሂሳቡም የሚለው ይህንኑ ነው።