ከግድግዳው ሥር የቀረችው ስንዝር

ለንደን ውስጥ በአንድ የሕዝብ መዋኛ ላይፍጋርድ፣ ማለትም የዋናተኞች ጠባቂ ነኝ። ሥራውን ስናገር ሰው ሁሉ ከውኃ ውስጥ እየዘለልኩ ሰው የማወጣ ይመስለዋል። አብዛኛው ሰዓታችን የሚያልቀው ግን በማየት፣ ወለል በመወልወልና «አትሩጡ» በማለት ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ገደማ ቦታ እንቀያየራለን፤ አንዱ ከፍ ያለው ወንበር ላይ ይወጣል፣ አንዷ የሕፃናቱ ገንዳ ዳር ትቆማለች፣ ሌላው ልብስ መቀየሪያውን እየዞረ ያያል። መቀየሪያውን ማንም አይወደውም። ሙቀቱና ክሎሪኑ ያፍናል፣ ልጅ ያለቅሳል፣ ሎከር ሳንቲም በልቶ እምቢ ይላል።

አገር ቤት ሆቴል ሄዶ የዋኘ ሰው የሚያውቀው የወንዱ በዚህ፣ የሴቱ በዚያ የሚለውን ነው። ፍልውኃ የሄደ ደግሞ የራሱን ክፍል ይዞ ከውስጥ ቆልፎ ይታጠባል። እዚህ እንግሊዝ አገር ግን በቅርብ ጊዜ የተሠሩ ብዙ መዋኛዎች መቀየሪያቸው የጋራ ነው። ሴቱም ወንዱም በአንድ በር ይገባል፤ መሀል ላይ ሎከር፣ ግራና ቀኝ በረድፍ የቆሙ ባለ መቀርቀሪያ ትናንሽ ክፍሎች። ሠሪዎቹ «መንደር» ይሉታል፤ እኛም በሬዲዮ የምንጠራው በዚሁ ስም ነው።

ሐሳቡ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ይህን የምለው የሥራ ቦታዬን ለመከላከል አይደለም። ሴት ልጁን ይዞ የመጣ አባት በድሮው አሠራር የት ያስገባታል? ከ8 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ በብዙ ቦታ ወደ ሌላው ፆታ ክፍል አይገባም። የታመመች ሚስቱን ደግፎ የመጣ ባልም አለ። የትምህርት ቤት ልጆች ሲመጡ ደግሞ ሠላሳ ልጅ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግድ ቦታ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ርካሽ ነው፦ አንድ ቦታ፣ አንድ ጽዳት፣ አንድ ጠባቂ። ይህ የመጨረሻው ምክንያት ከሁሉም የሚበልጥ ይመስለኛል።

ችግሩ ያለው ከሥር ነው። ክፍሎቹን የሚለያዩት ሰሌዳዎች ወለሉን አይነኩም። ውኃው እንዲወርድ፣ መወልወያው እንዲያልፍ፣ ውስጥ ሰው ቢወድቅ ከውጭ እንዲታይ ተብሎ ስንዝር ያህል ክፍት ተትቷል። ስንዝር ለሰው አይበቃም። ስልክ ግን ውፍረቱ ከጣትም ያንሳል።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የልጆች ዋና ትምህርት አልቆ መንደሩ መርካቶን በሚመስልበት ሰዓት ተራዬ እዚያ ነበር። አንዲት ልጅ «ማሚ! ስልክ! ማሚ!» እያለች ጮኸች፤ ወዲያው በአማርኛ «ምን ሆንሽ? ክፈቺልኝ! ልጄ ክፈቺው!» የሚል ድምፅ ተከተለ። አትሩጡ ባዩዋ እኔ በእርጥቡ ወለል ላይ ሮጥኩ።

እናትየው በፎጣ ተጠቅልላ፣ ውኃው ከፀጉሯ እየተንጠባጠበ፣ የጎረቤቱን ክፍል በር በመዳፏ ትደበድባለች። «አንተ! ውጣ! ውጣ እንጂ!» ከውስጥ መልስ የለም። ልጅቷ ዕድሜዋ 13 ነው። ካልሲዋን ከወለል ልታነሳ ጎንበስ ስትል፣ በሰሌዳው ሥር ጥቁር የስልክ ጠርዝ ወደ እሷ ገባ ብሎ፣ የካሜራው ዓይን ወደ ላይ አቅንቶ ታያለች። ስትጮህ ስልኩ ወደ ኋላ ተጎተተ። የነገረችኝ በእንግሊዝኛ ነው፤ እየተንቀጠቀጠች፣ ግን አንድም ነገር ሳታምታታ።

በዚህ መሀል ሰው ተሰበሰበ። አንድ አባት ልጁን ለሚስቱ ሰጥቶ በሩን በትከሻው ሊሰብር ተጠጋ፤ ከኋላ ደግሞ «ስልኩን ቀሙት!» ይባላል። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ቆምኩ። ለዚያ ሰውዬ የቆምኩ የመሰላቸው ነበሩ፤ አንዲት ሴት ይህንኑ ፊት ለፊት ነገረችኝ። ግን በግርግር የተቀማ ስልክ እርጥብ ወለል ላይ ይወድቃል፣ ይሰበራል፣ ወይም ባለቤቱ «በደቦ ነጠቁኝ፣ በውስጡ ያለውንም እነሱ ናቸው የነካኩት» ይላል። እኛ ስልክ የመፈተሽ ሥልጣን የለንም፤ ፖሊስ አለው። በሬዲዮ ማናጀሩን ጠራሁ፣ ሪሴፕሽን ለፖሊስ እንዲደውል አደረግሁ፣ የክፍሎቹን ቁጥርና ሰዓቱን ክንዴ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩ። ወረቀት እዚያ ቦታ ይርሳል።

ሰውዬው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ልብሱን ለብሶ፣ ቦርሳውን አንግቶ ወጣ። «ስልኬ ወድቆብኝ ነው» አለ። ማናጀራችን ድምፁን የማያነሳ ሽማግሌ ሰው ነው። «ይሆናል፤ ፖሊስ እየመጣ ስለሆነ ለእነሱ ይነግሯቸዋል» ብሎ ወንበር አሳየው። መሄድ ይችል ነበር። የመግቢያው ካሜራ ግን ፊቱን ይዟል፣ የገባው በአባልነት ካርዱ ነው፤ ይህን የተረዳ መሰለኝ፣ ተቀመጠ።

ከባዱ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ፣ ቢሮ ውስጥ ነው። እናትየው አበሻ መሆኔን ከደረት ካርዴ ስታይ እጄን ያዘችኝ።

«እህቴ፣ ተይው። ልጄን ይዤ ልሂድ።»

«ፖሊሶቹ መንገድ ላይ ናቸው እኮ።»

«አባቷ ቢሰማ ሁለተኛ ገንዳ አያስረግጣትም። ሰው ከሰማ ደግሞ፣ አንቺው ታውቂው የለ? እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ 'ያቺ ልጅ' ሆና ትቀራለች። ያጠፋው እሱ፣ የሚወራባት እሷ።»

ተሳስተሻል ልላት አልቻልኩም፤ ያለችውን አይቻለሁና። የማውቀውን ብቻ ነገርኳት። በዚህ አገር ሕግ እንዲህ ያለ ጥቃት የደረሰባት ሴት ስሟም መልኳም ዕድሜ ልኳን በጋዜጣ አይወጣም። የልጅ ቃል በቪዲዮ ተቀርጾ ለፍርድ ቤት ሊቀርብ ስለሚችል ያየችውን በየደረጃው እንደ አዲስ አትደግመውም። ሴት ፖሊስ እንድታናግራት መጠየቅ ይቻላል። በግል ሁኔታ ላይ ያለን ሰው ለወሲብ ስሜት ብሎ አሾልኮ ማየትና መቅረጽ በ2003 በወጣው ሕግ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምለው) እስከ 2 ዓመት ያሳስራል። ከ18 ዓመት በታች የሆነች ልጅን ነውር ምስል ማንሳት ደግሞ በ1978ቱ የሕፃናት ጥበቃ ሕግ እስከ 10 ዓመት ይደርሳል።

ይህን ሁሉ ሰምታ ዝም አለች። ሕግ በቁጥር ሲነገር ለደነገጠ ሰው ሩቅ ነው። ከዚያ ጥያቄዋን አወጣችው፦

«ፎቶውስ? ፎቶው የት ይሄዳል?»

«ስልኩ አሁን እዚህ ሕንፃ ውስጥ ነው» አልኳት። «አንቺ ከሄድሽ ስልኩም ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል።»

ቁጭ አለች። ልጅቷም ትከሻዋ ላይ ጋደም አለችና «ማሚ፣ እኔ እናገራለሁ» አለቻት፤ በዚህ ጊዜ በአማርኛ።

ፖሊሶቹ ሁለት ነበሩ፣ አንዷ ሴት። መጀመሪያ የጠየቁን «ስልኩን ከእሱ ሌላ የነካ ሰው አለ?» ብለው ነው። አልነበረም። ስልኩን በከረጢት አሽገው ወሰዱ፤ ሁለቱን ክፍሎች ቆልፈን አቆየንላቸው። ጉዳዩ ገና ስላላለቀ ስለ ሰውዬው ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ተጠራ። ማናጀሩ የተፈጠረውን ሲያስረዳ አንዲት ከጋና የመጣች የጽዳት ባልደረባችን፣ ብዙ የማትናገር ትልቅ ሴት፣ እጇን አነሳች። በየጠዋቱ ከሰሌዳዎቹ ላይ ተጠቅልሎ የተወተፈ ሶፍት እንደምታወጣ ተናገረች። ድሮ መስቀያና የሳሙና ማስቀመጫ የነበረበት ቦታ ላይ ዕቃው ተነቅሎ የብሎኑ ቀዳዳ ቀርቷል። በዚያ ቀዳዳ ውስጥ ነው ሶፍቱ የሚወተፈው፤ አንዳንዱ በማስቲካ ጭምር የተለጠፈ። ለተቆጣጣሪዋ ብትነግረው «የልጆች ብልግና» ተብሎ ተመዘገበ። እሷም በታዘዘችው መሠረት እያወጣች ትጥላለች።

ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። በቀዳዳው እንዳይታዩ ሶፍት የወተፉት ሴቶች ቅሬታ ማቅረቢያ ፎርም አልሞሉም። አለቃ አስጠርተው አልተጣሉም። ቀዳዳውን ራሳቸው ደፍነው ልብሳቸውን ቀይረው ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ መዋኛው ለንጽሕና ሲል ይከፍተዋል። የቅሬታ መዝገባችን ላይ ስለ መንደሩ የሰፈረው አብዛኛው ስለ ሎከር ሳንቲምና ስለ ቀዝቃዛ ሻወር ነበር፤ በመዝገቡ ብቻ ቢፈረድ ችግር የለብንም።

ማናጀሩ ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይ አለመሆኑን ያውቃል። ሰንደይ ታይምስ ጋዜጣ በ2018 ከመዋኛና ከስፖርት ማዕከላት መቀየሪያዎች የተሰበሰቡ ወሲባዊ ጥቃትን፣ ትንኮሳንና አሾልኮ ማየትን የሚመለከቱ 134 አቤቱታዎችን አውጥቶ ነበር፤ 120ዎቹ የጋራ ከሆኑ መቀየሪያዎች የመጡ ናቸው። እርግጥ ቁጥሩ ስንት ሰው በየትኛው መቀየሪያ እንደተጠቀመ አይነግረንም፤ የሶፍቱን ነገር ካየሁ በኋላ ደግሞ አቤት ያላለውም እንደማይቆጠር አስታውሳለሁ። ቢሆንም 120 ከ134 ቀላል አይደለም።

ክርክሩ የተጀመረው መፍትሔው ላይ ነው። ከፊሉ «ስልክ ክልክል ነው» የሚለው ማስታወቂያ በትልቁ ይጻፍ አለ። ማስታወቂያው እኮ ድሮም ነበር፤ ሰውዬው ያለፈው በእሱ አጠገብ ነው። ከፊሉ ዙር ይጨመር አለ። ዙር ይጠቅማል፣ ሠራተኛ ሲመላለስ የሚያይ ሰው ይጠነቀቃል፤ ግን በሃምሳ በር መሀል የሚዞር አንድ ሰው የቱን ያያል? እኔ የተከራከርኩት ሰሌዳው ወርዶ ወለሉ ጋ ይድረስ ብዬ ነው። ውስጥ ሰው ቢወድቅስ ተባለ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ወድቆ ያገኘነው ሰው አለ። ግን መቀርቀሪያውን ከውጭ በቁልፍ የሚከፈት ማድረግ ይቻላል፤ ውኃውም ለመውረድ ስልክ የማያሳልፍ ጠባብ ክፍተት ይበቃዋል። በጎንና በጎን ያለው ሰሌዳ ከላይም እንዲሁ ከፍ ይበል አልን።

ገንዘቡ ተፈቅዶ ሥራው በአንድ ረድፍ ተጀምሯል። ቀዳዳዎቹ ግን ገንዘብ አልጠበቁም፤ የጥገናው ልጅ በአንድ ከሰዓት በብረት ክዳን ደፈናቸው። ጋናዊቷ አብራው እየዞረች በጣቷ ታሳየው ነበር፤ ከእሷ በላይ የሚያውቃቸው የለም።

ለአበሻ እህቶቼ የምነግረው ከግድግዳው ጋር የተያያዘውን የዳር ክፍል ይምረጡ፣ ቦርሳቸውን ክፍተቱ ላይ ያስቀምጡ እያልኩ ነው። ስነግራቸው ይከፋኛል፤ ገንዘብ ከፍሎ የገባ ሰው ወለል እየፈተሸ ልብስ መቀየር አልነበረበትም። ከዚህ በላይ የምለው አንድ ነገር ቢኖር ሶፍት ወትፈው ዝም ብለው እንዳይሄዱ ነው። ሪሴፕሽን ላይ የክፍሉን ቁጥር ብቻ ይናገሩ፤ እንግሊዝኛው ካስቸገረ ቁጥሩን በጣት ማሳየትም ይበቃል።

አሁን የቀረን የሴቶች ሰዓት ነው። በሳምንት አንድ ምሽት ገንዳው ለሴቶች ብቻ ይሆናል፤ የመስታወቱ መጋረጃ ይወርዳል፣ ወንድ ላይፍጋርዶች ይወጣሉ፣ ከኢትዮጵያም ከሶማሊያም የመጡ ሙስሊም እህቶች፣ ነጠላቸውን አጣጥፈው ቦርሳ ውስጥ የሚከቱ የእኛ እናቶችም ይመጣሉ። መቀየሪያው ግን ያው የጋራው መንደር ነው። ከእነሱ በፊት ሲዋኙ የነበሩት ወንዶች ገና ሱሪያቸውን እየታጠቁ ሴቶቹ ይገባሉ። መጋረጃ ተጋርዶ በሩ ክፍት የሆነበት ነገር አይገባኝም። አንድ ረድፍ ለሴቶች ብቻ ይከለል ስንል «ሕግ አይፈቅድም፣ አድልዎ ይሆናል» የሚል መልስ መጥቶ ነበር፤ የ2010ሩ የእኩልነት ሕግ ግን በቂ ምክንያት ካለ አገልግሎትን በፆታ መለየት ይፈቅዳል፣ የሴቶቹ ሰዓት ራሱ የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር በጽሑፍ አስገብተናል፦ በሁለቱ ሰዓቶች መሀል መንደሩ ባዶ የሚሆንበት ሃያ ደቂቃ፣ እና ለሪሴፕሽኑ ቅርብ የሆነው ረድፍ ለሴቶች። ማናጀሩ ሃያ ደቂቃውን ፈርሞበታል። የረድፉ ጥያቄ ለአካባቢው መስተዳድር ተልኳል፣ መልሱን እየጠበቅን ነው።