ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት፦ የሰርግ ፎቶ አንሺ አመራረጥ

በቲክቶክና በቴሌግራም የሚለጠፈው ፎቶ ከብዙ ሰርግ ተለቅሞ የወጣ ነው። ያንን አይቶ ፎቶ አንሺ መያዝ በማስታወቂያ ብቻ ቤት እንደመግዛት ነው። ስቱዲዮ ስትገቡ በመጀመሪያ የአንድ ሰርግ ፎቶ ሙሉውን፣ ከጠዋቱ ቤት እስከ አዳራሹ መጨረሻ፣ ሳይመረጥ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ቢቻል ሁለት ሰርግ ይሁን። የደንበኛ ምስጢር ነው ካሉ ባለቤቶቹን አስፈቅደው በሌላ ቀን ያሳዩአችሁ፤ ፈጽሞ አይሆንም የሚል ሰው ግን አያስተማምንም።

ፎቶዎቹን ስታገላብጡ ሦስት ቦታ ላይ ቆም በሉ። አንደኛው የሙሽሪት ቤት ነው። ሳሎኑ ጠባብ ነው፣ ዘመድ ሞልቶበታል፣ ብርሃኑ በአንድ መስኮት ብቻ ይገባል። ሙሽሪት የአባትና የእናቷን ጉልበት ስማ የምትወጣው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ፎቶው ላይ የቪዲዮ ማኑ ጀርባ ብቻ ከታየ ሁለቱ ቀድመው ቦታ አልተከፋፈሉም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ክፍል 24 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ የሰፋ (ቁጥሩ ያነሰ) ሌንስ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ቤተ ክርስቲያን ነው። ሰርጋችሁ በተክሊል ከሆነ ሥርዓቱ ማለዳ ነው፣ ውስጡ ጨለም ይላል፣ ፍላሽም በብዙ ቦታ አይፈቀድም። ስለዚህ ሌንሱ እስከ 2.8፣ ከተቻለም እስከ 1.8 የሚከፈት መሆን አለበት፤ ይህ ቁጥር ሲያንስ የሚገባው ብርሃን ይበዛል። ከመሣሪያው በላይ ግን የሚያስፈልገው ሥርዓቱን ማወቅ ነው። ቀለበቱ፣ ቅባቱ፣ አክሊሉ በምን ተራ እንደሚመጡ የማያውቅ ሰው አክሊሉ ሲደፋ ባትሪ ሲቀይር ይገኛል። ካህኑን «ደግመው ይድፉልን» ማለት አይቻልም።

ሦስተኛው አዳራሽ ነው። ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር መስመር ካያችሁ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የኤልኢዲ መብራት ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ዙር) ስለሆነ ሹተሩን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ በሰከንድ 1/50ኛ ወይም 1/100ኛ ላይ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩን ይፈታዋል። ይህን ስትጠይቁት ግር የሚለው ባለሙያ አዳራሽ ውስጥ በዕድል ነው የሚሠራው።

የፊታችሁን ቀለምም እዩ። ኤዲት ላይ ቆዳ ማንጣት በከተማችን ልማድ ሆኗል፤ በእኛ እምነት ግን ጥፋት ነው። ጠይም ሙሽራ ጠይም ሆኖ መውጣት አለበት። ነጩ የሐበሻ ቀሚስ ላይም ጥለቱና ሽመናው ካልታየ ብርሃኑ ከልክ አልፏል፤ ያንን ኤዲት አይመልሰውም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «በዕለቱ የሚመጣው ማነው?» የሚል ነው፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀድሞ፣ ከመጋቢት 5 አልፎ አይገባም። ቀድሞ በሚገባበት ዓመት በገናና በጾሙ መካከል የሚገኙት እሑዶች አምስት ብቻ ናቸው። ያኔ አንዳንድ ስቱዲዮ በአንድ ቀን ሦስት ሰርግ ይይዝና ሥራውን ያያችሁለትን ሰው አንዱ ጋ፣ ረዳቱን እናንተ ጋ ይልካል። መፍትሔው የፎቶ አንሺውን ስም ውሉ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ቢታመም የሚተካው ሰውም በስሙ ይጠቀስ።

ፋይሉ እንዴት እንደሚያዝም ጠይቁ። ካሜራው ሁለት ካርድ የሚቀበል፣ ሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ የሚጽፍ ይሁን። አንዳንዱ ሁለተኛውን ካርድ የሚጠቀመው አንደኛው ሲሞላ ብቻ ነው፤ እንዲያ ከሆነ መጠባበቂያ አይደለም። አንድ ጥሬ (ካሜራው ሳይጨምቅ ያስቀመጠው፣ RAW የሚባለው) ፎቶ 30 ሜጋባይት ቢሆን 3,000 ፎቶ 90 ጊጋባይት ይወስዳል። 4ኬ (ከፍተኛ ጥራት ያለው) ቪዲዮ በሰከንድ 100 ሜጋቢት (ስምንት ሜጋቢት አንድ ሜጋባይት ነው) ሲቀረጽ በሰዓት 45 ጊጋባይት ነው፤ 64 ጊጋ ካርድ በአንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ አይቀርም። ካርድ ያነሰው ሰው በሰርጉ መሃል ወደ ላፕቶፕ ገልብጦ ካርዱን ያጠፋል፤ ፋይል የሚጠፋው በዚያ ጥድፊያ ነው። ትክክለኛው አሠራር ያንኑ ማታ በሁለት ሃርድ ዲስክ ገልብጦ ሁለቱን በተለያየ ቦታ ማስቀመጥ፣ ካርዱንም እስከዚያ አለመንካት ነው።

በወዳጅነት ፓርክም ሆነ በሌላ መናፈሻ ለምታደርጉት ፕሮግራም፣ የካሜራ ፈቃዱን ማን እንደሚጨርስና ክፍያውን ማን እንደሚችል ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ከአናት ስለምትሆን ዓይን ሥር ጥላ ትጥላለች፤ ሚያዝያ ላይ ደግሞ ይብሳል። ከ10 ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ይሻላል። ድሮን የሚያቀርብላችሁ ካለ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርን ፈቃድ ያሳያችሁ፤ መሃል አራት ኪሎ አካባቢ ያለ ፈቃድ ማስነሳት ሰርገኛውንም ጣጣ ውስጥ ይከታል።

ወደ ውሉ እንምጣ። የንግድ ፈቃዱን በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ የንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ኢትሬድ ገጽ ላይ አረጋግጡ። አድራሻውንም በአካል ሄዳችሁ እዩ፤ በ2016 የፒያሳ ፈረሳ ብዙ ንግድ ቤቶች ቦታ ቀይረዋል።

ቀብድ በሕግ ትርጉም አለው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የከፈለ ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ «ቀብድ» የሚለው ቃል ይጻፍ፣ ሁለት ምስክርም ይፈርም። ለቅሶ ደርሶ ሰርጉ ቢተላለፍ ቀብዱ ለአዲሱ ቀን እንዲያገለግልም አስጽፉ፤ ይህ የሚረሳ፣ ሲደርስ ግን በጣም የሚያስጨንቅ ነገር ነው።

ሰዓቱ ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ፣ መልስና ቅልቅል መካተታቸው፣ ስንት ፎቶ ኤዲት እንደሚደረግ፣ የአልበሙ መጠንና ገጽ፣ የርክክቡ ቀንና የመዘግየት ቅጣቱ በቁጥር ይጻፍ። ስቱዲዮው ፎቶአችሁን ለማስታወቂያ መለጠፍ ይችል እንደሆነም ቁርጡን ጻፉ። የዚያው ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ ይከለክላል፤ የወላጆቻችሁ እንባ የማንም ማስታወቂያ እንዳይሆን ማለት መብታችሁ ነው።

የመጨረሻውን ክፍያ እስከ ርክክብ ያዙ። ፎቶውን በቴሌግራም በምስልነት አትቀበሉ፣ ይጨመቃል፤ በሃርድ ዲስክ ውሰዱ። 30 በ40 ሳንቲ ሜትር ጥርት ብሎ እንዲታተም ወደ 17 ሜጋፒክስል ስለሚያስፈልግ መጠኑን እዩ። ፋይሉን በራሳችሁ ኮምፒውተር ክፈቱ፣ ፎቶዎቹን ቁጠሩ፣ ቪዲዮውን ድምፁን ከፍታችሁ እስከ መጨረሻው ተመልከቱ፤ የሽማግሌዎቹ ምርቃት በጉልህ ከተሰማ ቀሪውን ክፈሉ።